የሼህ አሕመዲን አምፖል

ኪዳነማርያም ከላላ ከተማ የያዘውን ሥራ እንደጨረሰ የሥራ ጓደኞቹን ወደ ኮምቦልቻ ሸኝቶ፣ እሱ ብቻውን የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው። የሚሄደው ለቅሶ ለመድረስ ነበር። የልጅነት ቤቱ አከራይ የነበሩት ሼህ አሕመዲን ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል። መርዶውን በስልክ የሰማ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት ሥራ ያዘው፤ ሥራው ሲለቀው ደግሞ ኀፍረት ያዘው። ዛሬ ነገ ሲል እንዲሁ ቀረ።

ኀፍረቱ የእናቱን ቀብር ባሰበ ቁጥር ይብስበታል። እናቱ የሻለም ኮምቦልቻ ላይ ያረፈች ጊዜ ሼህ አሕመዲን ከባለቤታቸው ጋር ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ አቋርጠው ደርሰው ነበር። ፍትሐቱ እስኪያበቃ ሼሁ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቁ። ወንበር ቢያመጡላቸው፣ የሻለም ቆማ ስትለፋ ኖራ እኔ እሷን ስሸኝ አልቀመጥም አሉ። እንዲህ ላደረጉ ሰው እሱ ሳይደርስ መቅረቱ፣ ሚኒባሱ ዳገት በወጣ ቁጥር ደረቱ ላይ እየከበደው ሄደ።

መካነ ሰላም ሰፍታ ጠበቀችው። ልጅ ሆኖ ይሮጥበት የነበረው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ የባሕር ዛፉ አጥር በቆርቆሮ ተተክቷል። የሼሁ ቤት ግን ከገበያው በስተጀርባ ያው በቦታው አለ። የሼሁ ባለቤት ሀሊማ በሩ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ከሰውየው ይልቅ የቦርሳው የብረት ድምፅ ቀድሞ ደረሳቸውና፣

“ቆጣሪው በጓሮ በኩል ነው፣ ልጄ” አሉት።

ኪዳነማርያም በመንገድ ላይ ሲያሰናዳው የመጣው የይቅርታ ንግግር ነበረው። ግን “የየሻለም ልጅ ነኝ፣ እማ ሀሊማ” ብቻ አለ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳበሱት፤ ከዚያ ወደ ደረታቸው ሳቡት። ሁለቱም አለቀሱ። ስለ መዘግየቱ ሊናገር ሲጀምር አላስጨረሱትም። መንገዱ የተዘጋው ለሁሉም ነው፣ የአላህን ውሳኔ የሚመልሰው የለም፣ መጥተህ አይቼሃለሁና አብሽር አሉት።

ልቅሶውን ሰምታ ሀጀራ ከውስጥ ወጣች። የሼሁ ልጅ፣ የእሱ እኩያ ናት። ደጎሎ ወደምትባል ከተማ ተድራ ከአንድ የእህል ነጋዴ ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ግን እናቷን ልትጦር ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ፀጉሯ በሻሿ ጠርዝ በኩል ሸብቷል። እሱን ስታይ እንደ ልጅነታቸው “ኪዳኔ” ብላ ጠራችው። በዚህ ስም የጠራው ሰው ከእናቱ ወዲህ አልነበረም።

ምሳ ቀረበ፣ ተበላ። ስለ ሼሁ የመጨረሻ ቀናት አወሩ። ስለ የሻለምም አወሩ። ኪዳነማርያም በወሬው መሐል ዓይኑ ደጋግሞ ወደ ጓዳው በር ይሄድበት ነበር። ያቺ ጓዳ ያደገባት ቤት ናት። አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ ከገጠር እሱን አዝላ ስትመጣ ሼሁ ከቤታቸው ከፍለው ያከራዩዋት ክፍል ናት። የሻለም በጤና ጣቢያው ጽዳት እየሠራች በዚያች ክፍል አሳደገችው። ያኔ መግቢያዋ በጓሮ በኩል ነበር፤ በኋላ ነው ወደ ሳሎኑ በር የተከፈተላት።

“አሁን ማን ይኖርበታል?” ብሎ ጠየቀ።

ሀጀራ ተነሥታ አሳየችው። ክፍሏ ምንጣፍ ተነጥፎባታል፤ ጥግ ላይ ሕፃናት ቁርአን የሚቀሩባቸው የእንጨት ሉሖች ተደርድረዋል። አባቷ ካረፉ ወዲህ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቁርአን የምታስቀራው እሷ ናት። ወንዶቹን መስጊድ ያሉት ያስተምሯቸዋል፤ ሴቶቹ ግን አባቷ ሲሞቱ ተበትነው ነበር። ችግሩ ጨለማው ነው። ጎረቤት በአንድ ክንድ ርቀት ፎቅ ስለሠራ መስኮቷ ቀን ሙሉ ብርሃን አታገኝም። ልጆቹ ተራ እየጠበቁ በር ላይ እየተቀመጡ ነው የሚያነቡት። ከሳሎኑ መብራት እንዲስብላት ለአንድ ሠራተኛ ብትነግረው እሺ ብሎ ሄዶ ቀርቷል።

ይህን ስትነግረው ልትጠይቀው አልነበረም። ሀሊማ ግን ከመደባቸው ላይ ሆነው ሰሙና፣ ልጄ ሙያው በእጅህ ነው፣ ከመጣህ አይቀር እስቲ እየው አሉት። ሀጀራ ተቆጣች። ለቅሶ የመጣ እንግዳ መሰላል ላይ አይወጣም አለች። ኪዳነማርያም ግን ጫማውን ማሰር ጀምሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎታል። ከመጣ ጀምሮ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

ገበያው ዳር ወዳለው የረመዳን ሱቅ ሄዶ ሽቦ፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ አምፖል ከነመያዣው፣ ማብሪያ ማጥፊያና የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ገዛ። ረመዳን ዕቃው ለማን ቤት እንደሆነ ሲሰማ፣ ያወጣለትን አምፖል መልሶ ወደ መደርደሪያው አስገባና ከላይ የተሻለውን አወረደ። እሱም ከሼሁ እጅ የቀራ ነበር። በትሩ አይረሳኝም አለ እየሳቀ፤ የራሱን ትከሻ ግን እንደሚወዱት ነገር ዳበሰው።

ሲመለስ መጀመሪያ ከቆጣሪው ላይ ኃይሉን አጠፋ። ሳሎኑ መሐል መሰላሉን ተክሎ ወጣና ቴስተሩን አስጠግቶ ኃይል አለመኖሩን አረጋገጠ፤ ከዚያ ከኮርኒሱ ላይ መብራቱን ፈታ። ሽቦዎቹን ሲያይ ነገሩ ወዲያው ገባው። እጁን አቁሞ ወደ ታች ተመለከተ።

“ሀጀራ፣ እዚህ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው” አላት። “ኃይል የሚያመጣው በማብሪያው በኩል አልፎ የመጣ ነው። ከዚህ ከወሰድኩልሽ ሁለቱ አምፖሎች አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። የጓዳው ለብቻው እንዲሆን ከፈለግሽ፣ ከማብሪያው ሳጥን ሌላ ሽቦ ጨምሬ እዚህ ድረስ አወጣለሁ። ትንሽ ያለፋል እንጂ ይሆናል።”

ሀጀራ አፏን ሳትከፍት እናቷ መለሱ።

“አንድ ላይ ይሁን። ድሮስ አንድ አልነበረም እንዴ?”

ድሮ አንድ ነበር። ከአንድም አንድ። ለሼሁ ቤት መብራት የገባ ጊዜ ለሁለተኛ አምፖል አቅሙ አልነበረም። ሼህ አሕመዲን በሳሎኑና በተከራዮቻቸው ክፍል መካከል ያለውን የጭቃ ግድግዳ ከላይ በኩል በራሳቸው እጅ ቀደዱና አምፖሉን ቀዳዳው ውስጥ አንጠለጠሉት። ግማሹ ብርሃን ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ወረደ። ማብሪያው በሼሁ በኩል ነበር። የሻለም ያን ቀን ማታ እጇን አፏ ላይ ጭና ግድግዳውን ስታይ እንደነበር ኪዳነማርያም ያስታውሳል። ሕፃን ነበር፤ ግን የእናቱን ጥላ መሬት ላይ ሲያይ፣ እንደ ኩራዙ ጥላ አለመወዛወዙ ገርሞት ነበር።

ከፍ ካሉ በኋላ እሱና ሀጀራ አንድ ክፍል ተማሩ። በየአልጋቸው ላይ ቆመው በዚያ ቀዳዳ መልስ ይጠያየቁ ነበር። አንድ ማስመሪያ ብቻ ስለነበራቸው በእንጨት እየገፉ ከቤት ወደ ቤት ያሻግሩታል። ማስመሪያው አንድ ጊዜ አምፖሉን መትቶ ሰበረው። ሼሁ ሁለቱንም አስጠርተው ማን እንደሰበረ ጠየቁ፤ ሁለቱም እኔ ነኝ አሉ። ሼሁ ጢማቸውን እያሹ ዞር አሉ። አዲስ አምፖል እስኪመጣ ሁለቱም ቤት በኩራዝ አመሸ።

ሀጀራ ለእናቷ ነገሩን ልታስረዳ ሞከረች። አንቺ ከኢሻ ሶላት በኋላ ትተኛለሽ፤ እኔ የነገውን እያዘጋጀሁ አመሻለሁ፤ መብራቱ ዓይንሽን ይወጋዋል አለቻቸው። ሀሊማ አልተዋጠላቸውም።

“አባትሽ ችለውት የለ?” አሉ። “እሳቸው ይኼን ልጅ ሲጠብቁ ስንት ዘመን ሙሉ ተቀምጠዋል።”

ኪዳነማርያም ከመሰላሉ ላይ፣ “እኔን? ሼሁ እኮ ኪታብ ነበር የሚያነቡት” አለ።

“የምን ኪታብ? ኪታቡንማ ዘግተውታል።”

ከዚያ ሀሊማ እያዘገሙ ነገሩት። ሼሁ ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ቀድመው የሚነሡ ሰው ነበሩ፤ ከኢሻ በኋላ ብዙ መቆየት አይወዱም። ኪታባቸውን ትንሽ ያዩና በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። ማብሪያው እጃቸው ሥር ነው። ግን ከግድግዳው ወዲያ ገጽ ሲገለጥ ይሰማቸዋል። መብራቱን አጥፉና ተኙ ስላቸው፣ አሉ ሀሊማ፣ የየሻለም ልጅ ገና ነው ይሉኛል። የአላህን ስም እያወሱ ዚክራቸውን ዝግ ባለ ድምፅ እያደረጉ፣ አንዳንዴ ተቀምጠው እያንቀላፉ ይጠብቃሉ። ገጹ ዝም ሲል ጥቂት ይቆዩና ያጠፋሉ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ልጁ ከሰማ ተሳቆ ማንበቡን ይተዋል ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበር።

ኪዳነማርያም የፈታውን መብራት በአንድ እጁ እንደያዘ መሰላሉ ላይ ቀረ። ያን ድምፅ ያውቀዋል። ልጅነቱን ሁሉ ከግድግዳው ወዲያ ሲንሾካሾክ የሰማው ድምፅ ነው። ኪታብ ሲነበብ መስሎት ኖሯል። ለመናገር ሞከረ፤ በመጀመሪያ ሳቅ መጣበት። ሀጀራ ምን ሆንክ አለችው።

ወረደና መሰላሉ እግር ሥር ተቀመጠ። የእናቱን ነገር ነገራቸው። የሻለም አንድ ሕግ ነበራት። የሼሁ መብራት እየበራ በእሷ ቤት አይተኛም። ሰዎቹ ብርሃናቸውን አካፍለውን እኛ ከሥሩ ብናንኮራፋ ነውር ነው ትል ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን ቢጨርስም ባይጨርስም፣ ሼሁ እስኪያጠፉ ደብተሩን ይዞ መቀመጥ አለበት። ብዙ ጊዜ የቤት ሥራውን አጠናቆ፣ ዓይኑ እየተከደነ፣ ያነበበውን ገጽ መልሶ ይገልጥ ነበር። እናቱ አጠገቡ ጥጥ እየፈተለች፣ ሲያንቀላፋ በክርኗ ትነካዋለች። እሱም በልቡ፣ እኚህ ሰው ኪታባቸው መቼ ነው የሚያልቀው እያለ ያማርራል።

ቀድመው የሳቁት ሀሊማ ናቸው። አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሀጀራ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እሷም ያን ጊዜ መብራት ፊቷ ላይ እያበራ እንዴት እንቅልፍ ያጣች እንደነበር ትዝ አላትና፣ ሁለታችሁም ባትኖሩ እኔ በጊዜ እተኛ ነበር አለች። ኪዳነማርያም ሳቁ አልቆም አለው፤ በኋላ ግን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ሼሁ ይህን ሳይሰሙ ሄዱ። እናቱም ሳትሰማ ሄደች። ሁለቱን ለየብቻ የሚያውቃቸውን ያህል፣ በዚያች ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነው አንዱ ሌላውን እንዴት ያከብር እንደነበር እስከ ዛሬ አለማወቁ ቆጨው። በሌላ ወገን ደግሞ ዛሬ ማወቁ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ሀሊማ በሕይወት እያሉ፣ ደስ አሰኘው።

“ለየብቻ አድርገው እንግዲህ” አሉ ሀሊማ ሳቃቸው ሲበርድ። “ሀጀራም ትሥራ፣ እኔም ልተኛ።”

ወደ ሥራው ተመለሰ። ከማብሪያው ሳጥን አዲሱን ሽቦ እስከ ኮርኒሱ አደረሰና አንዱን ጣውላ ገፋ አድርጎ ራሱን ወደ ላይ አስገባ። ግድግዳውን በምን በኩል እንደሚያልፍ ሲፈልግ ቀዳዳውን አገኘው። ሳሎኑ ኮርኒስ ሲገባለት ቀዳዳው ከላይ ስለቀረ ማንም አልደፈነውም፤ በጓዳው በኩል ብቻ ካርቶን ተለጥፎበታል። ጠርዙ የሼሁ ጣት እንዳለሰለሰው ነው፤ በአንድ በኩል በኩራዝ ጭስ ጠቁሯል። እጁን ከተተበት። ልጅ ሆኖ ትከሻው ድረስ ይገባ ነበር፤ አሁን ክርኑ ላይ ያዘው። ካርቶኑን ሲገፋው ወዲያ ወደቀ።

ሀጀራ ጓዳው ውስጥ ሆና ከግድግዳው የወጣውን እጅ አየች።

“ማስመሪያ ላቀብልህ?” አለችው።

እሱ የሽቦውን ጫፍ አሳለፈላት፤ እሷም ከወዲያ ያዘችና ቀስ እያለች ሳበችው። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በቀዳዳው አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ቱቦውን በጓዳው ማገር ላይ አስሮ፣ የአምፖል መያዣውን ምንጣፉ መሐል በሚያበራበት በኩል አንጠለጠለ። ማብሪያውን የት ላድርገው ብሎ ሲጠይቃት ሀጀራ ትንሽ አሰበችና ዝቅ አድርግልኝ፣ ትንንሾቹም እንዲደርሱበት አለችው። ሽቦዎቹን በማያያዣ አሠረ፣ በናስትሮ ሸፈነ፣ ሳሎኑ ላይ የፈታውን መብራት መልሶ ሰቀለ። ኃይሉን ለመመለስ ወደ ቆጣሪው ሄደ። መለሰው። ምንም አልመጣም።

የሠራውን ሁሉ በሐሳቡ መልሶ ቆጠረ። ጎረቤት የሚጮኸው ሬዲዮ ዝም ማለቱን ያስተዋለችው ሀጀራ ናት። የሰፈሩ መብራት ሄዷል። ኪዳነማርያም ቆጣሪው ሥር ቆሞ፣ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም አላት።

ልጃገረዶቹ የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ መጡ። ሉሖቻቸውን ይዘው እንደ ወትሮው ለበሩ ቦታ መጋፋት ጀመሩ። ማገሩ ላይ የተንጠለጠለውን አዲስ አምፖል ሲያዩ ግን ሁሉም ቀና ብለው ቀሩ። ሀጀራ ገብታችሁ ተቀመጡ አለቻቸው። ጨለማው ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡና በቃላቸው የያዙትን እየተቀባበሉ ማለት ጀመሩ። ኪዳነማርያም ሳሎኑ ውስጥ ከሀሊማ ጎን ተቀምጦ ያዳምጣል። ድምፃቸው የሼሁን አይመስልም፤ ቀጭንና ፈጣን ነው። አነሳሱና አወራረዱ ግን የእሳቸው ነው። ሀጀራ ያን ሳታውቀው ወርሳዋለች፤ ልጆቹ ደግሞ ከእሷ ወስደውታል።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊቃረብ ሲል መብራቱ መጣ። በመጀመሪያ የሳሎኑ በራ። ጓዳው ውስጥ ድምፁ ተቋረጠ፤ ሀጀራ ከልጆቹ ትንሿን ሁዳን ማብሪያውን እንድትጫን አዘዘቻት። ልጅቷ ተጫነችው። ብርሃኑ ምንጣፉ ላይ ወረደ። ከልጆቹ አንዳቸውም አልጮኹም፤ አንዷ የሌላዋን ፊት እያየች ፈገግ አለች። ከዚያ ሁሉም በየሉሓቸው ላይ አቀረቀሩ።

ሀሊማ እጃቸውን ዘረጉና አስገባኝ አሉት። ደግፎ እስከ ጓዳው በር ወሰዳቸው። ደፉ ላይ ቆመው የደከመ ዓይናቸውን እያጠበቡ ክፍሉን ዙሪያውን አዩት። ያቺን ክፍል እንዲህ በርታ ካዩዋት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ኪዳነማርያም ስለ የሻለም አንድ ነገር ይሉ ይሆናል ብሎ ጠበቀ።

“ግድግዳው ግን አስቀያሚ ነው” አሉ። “ቀለም ይፈልጋል።”

ሀጀራ ዒድ ሲደርስ ይቀባል አለቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን ኪዳነማርያም ለአለቃው ደውሎ አንድ ቀን እንደሚዘገይ ነገረውና፣ ከገበያ ኖራና ብሩሽ ይዞ ተመለሰ። ሀጀራ ምንጣፉን ጠቅልላ ሉሖቹን ወደ ሳሎን አወጣች፤ ውኃም ቀዳችለት። ራሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እናቱ አልጋዋን ታስጠጋበት ከነበረው ግድግዳ ጀመረ። ሀሊማ ከደጅ ሆነው፣ ከበሩ ኋላ ያለውን ጥግ እንዳትረሳ እያሉ ይጣራሉ። ረስቶት ነበር። ብሩሹን ነከረና ወደዚያው ዞረ።